ከቤተዝዳ ያነሰው ባንካችንና የምሁራን ወረቀት

ከዋሽንግተን ከተማ ጥግ፣ በሜሪላንድ ግዛት ውስጥ፣ ቤተዝዳ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ ከተባለችው መጠመቂያ የመጣ ነው፤ ያ 38 ዓመት የታመመ ሰው የውኃውን መናወጥ ሲጠባበቅባት ከኖረው ስፍራ ማለት ነው። እኔ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለችም። ባለጸጎች የሰፈሩባት፣ በየማዕዘኑ የባንክ ቅርንጫፍ የቆመባት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጆሴፍ ስቲግሊትዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ያሰፈረው አንድ ንጽጽር ትዝ ይለኛል። የኢትዮጵያ የባንክ ሥርዓት በጠቅላላው፣ ከነቅርንጫፎቹና ከነካዝናው፣ 55,277 ሕዝብ ካላት ከቤተዝዳ የባንክ ሥርዓት ያንስ ነበር ይላል።

መጽሐፉን ያነበብኩት በማታ ትምህርት ፋይናንስ እማር በነበረበት ጊዜ ነው። ቀን በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ማታ ስለ ካፒታል ገበያ እማራለሁ። ንጽጽሩን ሳነብ መጀመሪያ አፈርኩ፤ ጥቂት ቆይቼ ደግሞ እንደ መኩራት አደረገኝ። ምክንያቱም ጸሐፊው ይህን የሚለው ሊያዋርደን ሳይሆን፣ ያችን ትንሽ ባንክ ሰባብራችሁ ለውጭ ባለሀብት ክፈቱ የሚለውን የዋሽንግተን ትእዛዝ አዲስ አበባ ለምን አልቀበልም እንዳለች ለማስረዳት ነበር። ያን መንግሥት አጥብቄ ከሚቃወሙት ወገን ነበርኩና የመሪውን ብልህነት በአንድ የኖቤል ተሸላሚ ብዕር ተመስግኖ ማንበብ ጎምዛዛ ነገር ነበር። ቢሆንም ሐቅ ሐቅ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ዛሬ ያን ሐቅ እንደገና ልመረምረው እፈልጋለሁ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፤ ነገሩ ከእናቴ የቁጠባ ደብተር ጋር የተያያዘ ነው።

በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር ስለ ምርጫ፣ ስለ እስርና ስለ ሕገ መንግሥት የሚጽፍ ሰው ዛሬ ምን ነክቶት ስለ ባንክና ስለ ምሁራን ጥናት ያወራል የምትሉኝ አትጠፉም። መልሴ አጭር ነው። በደሃ አገር ላይ የሚወርዱ ውሳኔዎች አብዛኞቹ መጀመሪያ ማንም በማያነበው የዩኒቨርሲቲ መጽሔት ላይ የታተሙ ጥናቶች ነበሩ። ጥናቱ ፖሊሲ ይሆናል፤ ፖሊሲው የብድር ቅድመ ሁኔታ ይሆናል፤ ቅድመ ሁኔታው መመሪያ ሆኖ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል። እኛ የምንጨቃጨቀው ከመጨረሻው ጋር ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1973 ነው። በዚያ ዓመት በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ ሮናልድ ማኪነንና ኤድዋርድ ሾው፣ በየግላቸው አንዳንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ሁለቱም የደረሱበት ሐሳብ ተቀራራቢ ነበር። በደሃ አገሮች መንግሥት የወለድን መጠን በአዋጅ ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ለማን ይበደር ለማን አይበደር የሚለውንም እሱ ይወስናል። ውጤቱ፣ ገንዘቡ በዋጋ ንረት የሚበላበት ቆጣቢ ብሩን ከባንክ አውጥቶ እህል፣ ከብት፣ ወርቅ ወይም የቤት ክዳን ይገዛበታል። ባንኩ የሚያበድረው ያጣል። ያለችውን ጥቂት ብድር ደግሞ ትርፋማው ሳይሆን ዘመድ ያለው ይወስዳታል። ሊቃውንቱ ይህን ሁኔታ «የፋይናንስ አፈና» አሉት። እኛ አፈና ስንል ሌላ ነገር እንደምናስብ አውቃለሁ፤ ግን ቃሉ ለዚህም ቢሆን አይበዛበትም። መድኃኒቱ ምንድን ነው? ወለድን ልቀቁት፣ ባንኮችን ነጻ አውጧቸው፣ ቁጠባ ያድጋል፣ ብድርም ወደሚገባው ይሄዳል። ለዚህም ደቡብ ኮሪያ በ1965 ወለድ ከፍ አድርጋ ወደ ባንክ የገባው ተቀማጭ ገንዘብ እንዴት እንደጨመረ ምስክር ጠሩ።

ጥናቱ መጥፎ ጥናት አልነበረም። አስተዋይ ሰው ጽፎታል ያሰኛል። ችግሩ ከስታንፎርድ ወጥቶ ዋሽንግተን ሲደርስ የተጨመረበት እርግጠኝነት ነው። በላቲን አሜሪካ ሐሳቡን ቀድማ በስፋት የሞከረችው ቺሊ ነበረች፤ በወታደራዊው አገዛዝ ሥር በ1970ዎቹ አጋማሽ ባንኮቿን ለግል ሸጠች፣ ወለዱን ለቀቀች። በ1982 ኢኮኖሚው ክፉኛ ወደቀ፤ በ1983 መጀመሪያ ገበያ ነጻ ይውጣ ብሎ የተነሳው ያው መንግሥት ትልልቆቹን ባንኮች መልሶ በእጁ አስገባ። የኩባ ተወላጁ ካርሎስ ዲያስ አሌሃንድሮ በ1985 በዚህ ጉዳይ ላይ ባወጣው ጥናት የሰጠው ርእስ በግርድፉ «ደህና ሁን የፋይናንስ አፈና፤ ጤና ይስጥልኝ የፋይናንስ ውድቀት» የሚል ነበር። ለምሁር ጽሑፍ እንዲህ ያለ ርእስ ብርቅ ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1981 ስቲግሊትዝ ራሱ ከአንድሩ ዋይስ ጋር ሆኖ ሌላ ጥናት አውጥቶ ነበር። የሱን ሐሳብ በማታ ትምህርት ቤት የሰማሁት ዕለት ከመርካቶ ነጋዴ የተቀዳ መስሎኝ ነበር። ባንክ ወለድ በጨመረ ቁጥር ጠንቃቃው ተበዳሪ ይሸሻል፤ የሚቀረው «ከተሳካ ተሳካ፣ ካልተሳካ ያንተ ጉዳይ ነው» የሚለው ደፋሩ ነው። ስለዚህ ብልህ ባንክ ወለዱን እስከ ጣሪያ አይሰቅልም፤ ከአንድ መጠን በኋላ ብድሩን ይመጥናል እንጂ። እንግዲህ ይህ እውነት ከሆነ፣ ወለድን መልቀቅ ብቻውን ብድርን ወደሚገባው ሰው አያደርስም። ስቲግሊትዝ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በ2001 ኖቤል የተሸለመው ገበያ በጎደለ መረጃ እንዴት እንደሚሠራ ባጠኑት ሥራ ነው። ስለ ማኪነንም ሐቁን ልናገርለት፤ በ1991 ባወጣው መጽሐፍ ነጻ ማውጣት ቅደም ተከተል አለው፣ መጀመሪያ የመንግሥት በጀት ይስተካከል፣ ቀጥሎ የአገር ውስጥ ባንክ፣ በመጨረሻ የውጭ ካፒታል በር ይከፈት ብሎ ሐሳቡን አርሞታል። ምሁሩ ሲያርም ግን ተርጓሚዎቹ የመጀመሪያውን እትም ይዘው መንገድ ጀምረው ነበር።

አዲስ አበባ የደረሱት በዚህ መካከል ነው።

በመጋቢት 1989 ዓ.ም. (ማርች 1997) ስቲግሊትዝ የዓለም ባንክ ዋና የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሆኖ ከተሾመ ሳምንታት ሳይቆይ ኢትዮጵያ ገባ። ያነጋገረው አቶ መለስ ዜናዊን ነው። ሕክምና ጀምረው በረሃ የገቡት መለስ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ትምህርት በንግድ ሥራ አስተዳደር ተመርቀው ነበር። እንግዳው በጽሑፉ እንደሚመሰክረው ሰውየው ስለ ኢኮኖሚ ያላቸው ግንዛቤ ካገኛቸው ከብዙዎቹ የውጭ ባለሙያዎች የላቀ ሆኖ አግኝቶታል። አገሪቱ በዚያ ጊዜ በአይ.ኤም.ኤፍ. መለኪያ ጥሩ ተማሪ ነበረች፤ የዋጋ ንረቱ ዝቅተኛ፣ ዕድገቱ ደህና። ሆኖም በዚያው ዓመት ድርጅቱ የብድር ፕሮግራሙን አቋረጠ።

ጠቡ ሦስት ነበር። አንደኛው በጀት ነው፤ ድርጅቱ የውጭ ዕርዳታ ዛሬ አለ ነገ የለም፣ ስለዚህ ወጪያችሁን በግብር ብቻ ለኩ ይላል። ታዲያ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሥራበት ተብሎ የተሰጠ ዕርዳታ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ካልተሠራበት ለምን ይሰጣል? ሁለተኛው ለአየር መንገዱ አውሮፕላን መግዣ ከአንድ የአሜሪካ ባንክ የተወሰደ ብድር ነው። ኢትዮጵያ ብድሩን ከመጠባበቂያዋ ቀንሳ ቀድማ ከፈለች፤ የምትከፍለው ወለድ መጠባበቂያዋ ከሚያስገኝላት ይበልጥ ነበርና። የማታ ትምህርት የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው። የተቀየሙት ስሌቱ ስሕተት ሆኖ ሳይሆን ሳታስፈቅዱን አደረጋችሁት ብለው ነው።

ሦስተኛው ባንኩ ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይከፋፈል፣ ወለዱ በገበያ ይወሰን፣ የምዕራብ ባንኮች ይግቡ የሚለው። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። የውጭ ባንክ ለእኛ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1905 ውል ተፈርሞ በማግሥቱ ዓመት ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የ50 ዓመት ብቸኛ መብት የተሰጠው ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1931 ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አሉት። ደርግ በ1975 የግሎቹን ባንኮች ወረሰ፤ ኢሕአዴግ በ1994 በአዋጅ ቁጥር 84 ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ከፈተው። ስለዚህ በ1997 የግል ባንኮቻችን ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት ነበሩ። ስቲግሊትዝ ጎረቤታችንን ኬንያን ምሳሌ አቀረበ። ከፍታ አልነበር? በ1993 እና በ1994 ብቻ ቢያንስ 14 ባንኮች ወደቁባት፤ ወለዱም መውረዱ ቀርቶ ወጣ። ብድር የሚያስፈልገው ገበሬ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ነው፤ ያ ገበሬ ከኒው ዮርክ የሚመጣ ባንክ ደንበኛ ይሆናል ብሎ የሚያምን ካለ ጎጃምን አያውቅም።

ስቲግሊትዝ ዋሽንግተን ተመልሶ ተሟገተ፤ ቆየት ብሎም ፕሮግራሙ ቀጠለ። እኔና መሰሎቼ ይህን ሁሉ ያወቅነው ሰውየው ከዓለም ባንክ ከወጣ በኋላ መጽሐፍ ስለጻፈ ነው። ባይጽፍ ኖሮ በአገራችን ባንክ ላይ ማን ምን እንዳለ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ እናቴ ደብተር ልመለስ። በጥር 2003 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 2011) ለቤቷ ማደሻ እያጠራቀምኩ የላክሁላትን 60,000 ብር ስሙን የማልጠራው አንድ ባንክ አስቀመጠች። የቁጠባ ወለድ 5 በመቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይነካ ቢቆይ 66,150 ብር ይሆናል፤ ሆነም። በዚያ መካከል ግን በ2011 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ፤ በ2012ም ከ20 በመቶ በላይ ነበር። እናቴ ገንዘቡን ልታወጣ ስትሄድ፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለሙሉው ቤት ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ማገር ይገዛ የነበረው ብር ለግማሹ አልበቃም። ስልክ ደውላ «ወለድ ጨመሩልኝ እኮ፤ ታዲያ እንዴት አነሰ?» አለችኝ። ፋይናንስ የተማርኩት እኔ ነኝ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ለመናገር ግን አፌ ተያዘ። መልሱ ማኪነንና ሾው በ1973 የጻፉት ገጽ ላይ አለ። እኔ ያኔ በኩራት ያነበብኩት ምዕራፍ የሌላውን መጽሐፍ ይህን ገጽ ሸፍኖብኝ ኖሯል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ብሔራዊ ባንክ መመሪያ አወጣ፤ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ከእያንዳንዱ አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚያህል ገንዘብ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ ይግዙበት፣ ሰነዱም አምስት ዓመት ይቆያል፣ 3 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል። ለቆጣቢው 5 ከፍለህ ለመንግሥት በ3 አበድር ማለት ነው። መመሪያው እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. (ኖቬምበር 2019) ጸንቶ ቆየ። ገንዘቡ ወደ ልማት ባንክ ሄደ፤ ያ ባንክ ያበደረው ብድር ውስጥ የተበላሸው ድርሻ በ2018 እና በ2019 አካባቢ ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። በጋምቤላ ለሰፋፊ እርሻ ተብሎ የተሰጠው ብድር የዚሁ አካል ነው። «ትርፋማው ሳይሆን ዘመድ ያለው ይወስዳታል» የተባለው ተፈጸመ። በ1997 ለባንኩ የቆምንለት ነጻነት በ2011 ባንኩን የመንግሥት ኪስ አደረገው፤ የኪሱ ስፌት ደግሞ የቆጣቢው ነበር። ስቲግሊትዝ ዋሽ ማለቴ አይደለም። የኬንያን ባንኮች ያየ ሰው ነው፤ ትክክል ነበር። ያልጻፈው ግን ያ እንቢ ያለ መንግሥት ማንም የማይጠይቀው ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ነው። በምጣኔ ሀብት ጥናት ውስጥ «መንግሥት» የሚባለው ቃል ብዙ ጊዜ ስም፣ ፓርቲና እስር ቤት የሌለው ቃል ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ጥናት በየጊዜው ከፊል እውነት ከሆነ ማን ይዳኝ? ይህን ስጠይቅ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ተማሪን ነው። በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር ሊቃውንት የመንግሥት ዕዳ ከአገራዊ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ አማካይ ዕድገት ወደ ዜሮ፣ እንዲያውም በ0.1 በመቶ ከዜሮ በታች ይወርዳል ብለው ጻፉ። ቁጥሯ ክብ ናት፤ ለፖለቲከኛ ትመቻለች። የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽነሩ ኦሊ ሬንና የአሜሪካው እንደራሴ ፖል ራያን የበጀት ቅነሳ ሲሰብኩ ጠቀሱት። ግሪክ ውስጥ ጡረታ የተቆረጠበት ሽማግሌ ጥናቱን አላነበበም፤ ዘመኑ ግን የዚያ ጥናት ዘመን ነበር።

በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የሚማር ቶማስ ሄርንደን የተባለ የ28 ዓመት ተማሪ ለክፍል ሥራ አንድ የታወቀ ጥናት መልሰህ ሥራ ተባለ። ይህንኑ መረጠ። ቁጥሩ እምቢ አለው። ደጋግሞ ሞከረ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ አሰበ፤ መቼም ተማሪ ከመምህሩ በፊት ራሱን ይጠረጥራል። በመጨረሻ ለሊቃውንቱ ጻፈላቸው፤ እነሱም የሠሩበትን የኤክሴል ሰነድ ላኩለት። ሲከፍተው አማካዩ የተሰላበት መስመር አምስት አገሮችን፣ አውስትራሊያን፣ ኦስትሪያን፣ ቤልጂየምን፣ ካናዳንና ዴንማርክን፣ ሳይዝ ቀርቷል። ከዚያም የባሰ አለ። ኒው ዚላንድ ዕዳዋ ከፍ ብሎ ሳለ በአብዛኛው ያደገችባቸው ከ1946 እስከ 1949 ያሉ ዓመታት አልተቆጠሩም፤ የቀረችው 1951 ብቻ ናት፤ እሷም ከዜሮ በታች 7.6 በመቶ። ይህች አንዲት ዓመት ብሪታንያ በአማካይ 2.4 በመቶ ካደገችባቸው 19 ዓመታት ጋር እኩል ሚዛን ተሰጣት። ሄርንደን ከመምህራኑ ከማይክል አሽና ከሮበርት ፖሊን ጋር በሚያዝያ 2013 መልሶ ሲያሰላው ዕድገቱ 2.2 በመቶ ሆነ። ሊቃውንቱ የኤክሴሉን ስሕተት አመኑ፤ በሌላው ላይ አልተስማሙም፤ ዕዳ ሲበዛ ዕድገት ይቀንሳል የሚለው አቋማችን አሁንም ጸንቷል አሉ። በአንድ ነገር ግን ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ሰነዱን ልከዋል። ላልታወቀ ተማሪ የሠሩበትን ማኅደር መላክ በእኛ አገር ቢሮ ስንት ማመልከቻ እንደሚጠይቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ስሕተት አንድ ነገር ነው፤ ጥቅም ሌላ ነገር ነው። በ2006 የአይስላንድ ንግድ ምክር ቤት የአገሪቱን የፋይናንስ መረጋጋት የሚመለከት ጥናት አስጠና። ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፍሬድሪክ ሚሽኪን ነበር፤ የተከፈለውም 124,000 ዶላር ነው። ጥናቱ ሥርዓቱን አረጋጊ በሆነ ቃል ገለጸ። በጥቅምት 2008 ሦስቱ ትልልቅ ባንኮች በቀናት ውስጥ ወደቁ። ኋላ በፕሮፌሰሩ የሥራ ታሪክ ዝርዝር ላይ የጥናቱ ርእስ «መረጋጋት» መሆኑ ቀርቶ «አለመረጋጋት» ተብሎ ተገኘ። ኢንሳይድ ጆብ የተባለው ዘጋቢ ፊልም በ2010 ሲጠይቀው የፊደል ስሕተት ይሆናል አለ። በዚያው ዓመት እንደገና ከአምኸርስት፣ ጄራልድ ኤፕስታይንና ጄሲካ ካሪክ ሄገንባርት ስለ ፋይናንስ ማሻሻያ ሐሳብ ይሰጡ የነበሩ 19 ምሁራንን መርምረው ብዙዎቹ ከፋይናንስ ኩባንያዎች ጋር ያላቸውን የጥቅም ግንኙነት በሚጽፉበት ጊዜ እንደማይገልጹ አሳዩ። የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ማኅበር በመጽሔቶቹ ላይ የሚጽፍ ሁሉ ማን እንደከፈለው ይግለጽ የሚል ደንብ ያወጣው በ2012 ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1885 መሆኑን ልብ በሉ። (ለነገሩ ስለ ሐቀኝነት የሚያጠኑትም አልዳኑም። ሰው ፊርማውን ከቅጹ ግርጌ ሳይሆን ከአናቱ ቢያኖር ሐቅ ይናገራል የሚለው የ2012 ጥናት በ2021 ተሰረዘ፤ ከመረጃው አንዱ ክፍል የተፈበረከ ሆኖ ተገኝቷልና።)

ይህን ስጽፍ የፈረንጅን ገበና እየቆጠርኩ የምደሰት አይምሰላችሁ። ገበናቸው የተገለጠው የሚገልጥ ተማሪ፣ የሚያትም መጽሔት፣ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ስላላቸው ነው። እኛስ? ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በምድር ባቡርና በድሬዳዋ ጉምሩክ ሠርቶ ያየውን፣ አገሪቱ ለምን እንደምትደኸይ፣ በራሱ ቋንቋ ጽፎ በ1919 ሞተ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1924 ነው። ከሱ ወዲህ ምሁር አጥተን አይደለም። የ27 በመቶውን መመሪያ ጉዳት በየጊዜው የጻፉ፣ የተናገሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ነበሩ። በስምንት ዓመት ተኩል ውስጥ መመሪያውን ያነሳው ግን የነሱ ወረቀት አይደለም፤ የመንግሥት መለወጥና የካዝና መራቆት ነው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ፤ በዚያው ዕለት አይ.ኤም.ኤፍ. የአራት ዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 አለፈ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ አወጣ። በ1997 የተጠየቀው አብዛኛው ከ27 ዓመት በኋላ ተፈጸመ። ቅደም ተከተሉ የማኪነን የ1991 መጽሐፍ ያዘዘው ነው ወይስ ሌላ፣ ሊቃውንት ይከራከሩበት። እኔ የማውቀው መንግሥት ለንግድ ባንክ ዕዳ ማቃለያ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ቦንድ ማውጣት ግድ እንደሆነበት ነው፤ የመንግሥት ድርጅቶች ተበድረው ያልመለሱት ገንዘብ መሆኑ ነው። ከቤተዝዳ ያነሰው ባንካችን አደገ፤ ዕዳውም አብሮት አደገ።

ምንዛሪው በተለቀቀ በሁለተኛው ሳምንት ወደ አገር ቤት ደወልኩ። ከጤንነት፣ ከጎረቤት፣ ከማኅበሩ ወሬ በኋላ «እማዬ፣ ባንክ የቀረሽ ገንዘብ አለ?» አልኳት። የምመክራት ነገር ነበረኝ፤ ስለ ወለድ፣ ስለ ሰነድ፣ ስለ አዲሱ ገበያ አንድ ሁለት ነገር አዘጋጅቼ ነበር።

«ኧረ የለኝም ልጄ» አለችኝ። «ያኔ ከቀለልኩ ወዲህ ምን ልሁን ብዬ አስቀምጣለሁ? የላክህልኝን ሁሉ ቆርቆሮ ገዝቼበት ጓሮ ደርድሬዋለሁ። ሰሞኑን ዋጋውን ብትሰማ!»

ቸር እንሰንብት።